በዎርድ የተሠራ የሰርግ ጥሪ

«በኮምፒዩተር የተጠራ እንግዳ በኮምፒዩተር ይብላ።»

ይህን ፊት ለፊቴ ያሉኝ ጋሽ ሙሄ ናቸው፣ የጓደኛዬ የረሂማ አባት። ሶፋው ላይ አንድ እግራቸውን አጥፈው፣ ማስካቸውን አገጫቸው ሥር አውርደው፣ እንደ ቀልድም እንደ ፍርድም አድርገው ነው የተናገሩት። እኔ ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ሚስታቸው እትዬ ዘሃራ በዓይናቸው «ዝም በይ» አሉኝ። ዝም ማለት ግን አልፈጠረብኝም። «ሰው እኮ ካርድ አይበላም ጋሽ ሙሄ» አልኳቸው። ያ ሰዓት ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ፤ ፍሪጁ ሲያቃስት፣ ከታች ፓርኪንግ ላይ የአንድ ሰው መኪና አልነሳ ሲል።

ከዚያ ወዲህ ዓመታት ሄደዋል። ባለፈው ሰሞን ዲኬተር መንገድ ላይ ካለው ላውንደሪ ገብቼ ልብሴን ማሽን ውስጥ ስጨምር፣ አጠገቤ ያለች ሴት ከቦርሳዋ ትንሽ ጠርሙስ አውጥታ እጇን ማሸት ጀመረች። ሽታው መጣ። አሁን ያለው አበባ አበባ፣ ሎሚ ሎሚ የሚለው ሳኒታይዘር አይደለም፤ ያ የድሮው፣ መጠጥ ፋብሪካው ሁሉ ወደ እጅ ማጽጃ በዞረበት ሰሞን የነበረው፣ ካቲካላ ካቲካላ የሚሸተው። ከየት እንዳገኘችው እንጃ። አንድ ካልሲ በእጄ እንደ ያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ትዝታ የሽማግሌ ነገር ነው ይባላል። እኔ ሽማግሌ አይደለሁም፣ ሠላሳም አልሞላኝ። ነገር ግን የዚያ ዘመን ሰው ዕድሜው በልደቱ አይቆጠርም። ካዚኖዎቹ ከመዘጋታቸው በፊት እኔ የነበርኳት ሃያትና ከተከፈቱ በኋላ ያለችው ሃያት መንገድ ላይ ቢገናኙ ሰላም የሚባባሉ አይመስለኝም።

ያን ጊዜ የካዚኖዎቹ ጎዳና ስትሪፕ ላይ የትራፊክ መብራቱ ለባዶ መንገድ ይበራ ነበር። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቀይ፤ የሚቆምም የሚሄድም የለም። እኔና ረሂማ በአንድ ሆቴል አንድ ፎቅ ላይ ሃውስኪፒንግ፣ ክፍል አጽጂዎች ነበርን፣ አንድ ጋሪ በጋራ የምንገፋ። ሥራው ሲቆም ዩኒፎርሙን መልሱ ያለን የለም፤ የኔው ከበር ጀርባ ተሰቅሎ ከረመ። ቤንዚን በጋሎን ወደ ሁለት ዶላር ከምናምን ወርዶ፣ በሕይወቴ ታንኬን ጢም አድርጌ የሞላሁት ያኔ ብቻ ነው፤ ሞልቼ የምሄድበት ግን አልነበረም። ስለዚህ እንዲሁ እንነዳ ነበር። በፍላሚንጎ ጎዳና ወርደን በትሮፒካና ተመልሰን፣ ሲሰለቸን ሀብታሞቹ ሰፈር ሰመርሊን ድረስ ወጥተን፣ የሰው ሣር እንዴት እንደሚያምር አይተን፣ የሰውን ሣር አምተን እንገባለን። ከመደርደሪያ ላይ ሩዝ ጠፋ፣ ሶፍት ጠፋ፣ እርሾ ጠፋ። እትዬ ዘሃራ ከአሮጌ ነጠላቸው ጥለት ማስክ ሰፍተው አፓርትመንቱን በሙሉ አለበሱት፤ ፊሊፒናዊቷ ጎረቤታችን በወሎ ጥለት አፏን ሸፍና ቆሻሻ ልትጥል ስትወርድ ማየት የሰርክ ነገር ነበር። ወደ ማታ ሙቀቱ በረድ ሲል አንዋር ከፎቁ ሥር መኪናውን ፓርክ አድርጎ፣ መስኮቱን አውርዶ መንዙማ ይከፍታል። ድቤው ከአስፋልቱ ተነስቶ ሦስተኛ ፎቅ ይደርሳል። ረሂማ በረንዳ ላይ ወጥታ ያልታጠበ ልብስ ታሰጣለች። ሁሉም ያውቃል፣ ጋሽ ሙሄም ያውቃሉ፣ የሚናገር የለም።

ደግሞ የሚደበቅም አልነበረም። አንዋር ሽማግሌ ልኮ ተፈቅዶለታል፣ ለሰርጉም አዳራሽ ተይዞ ነበር። አዳራሹ ተዘጋ። አንዋር የአዲስ አበባ ልጅ ነው፣ በዲቪ የመጣ፣ ታክሲ ይነዳ የነበረ። የሚጫን ሰው ሲጠፋ የትረክ መንጃ ፈቃድ አወጣና ኦሃዮ ሥራ አገኘ። በወር ውስጥ ካልገባ ቦታው ለሌላ ነው። ረሂማ ሚስቱ ሆና አብራው ትሄዳለች፣ አለዚያ ትቀራለች፤ በዚያ ሰሞን ደግሞ የተለያየ ሰው መቼ እንደሚገናኝ የሚያውቅ አልነበረም። ጋሽ ሙሄ አንድ ቃል ነበራቸው፤ «ጋሼ አይቶ ሳይመርቅ ኒካህ አይታሰርም።» ጋሼ የሚሏቸው ደሴ ያሉትን ታላቅ ወንድማቸውን፣ አባባ ይመርን ነው። አባት በሕፃንነታቸው ሞቶባቸው፣ ያሳደጓቸውም፣ ያስተማሯቸውም፣ የዳሯቸውም እሳቸው ናቸው። በስልክ ተነግሯቸዋል። መልሳቸው አጭር ነበር፤ «የስልክ ወሬ ሰርግ አይሆንም። ጥሪውን ልየው። ዘመዱም ይየው።» ጥሪ ማለት ካርድ ነው። ካርድ የሚያትመው ቤት ተዘግቷል። ቢታተምም ወደ ደሴ የሚላከው አገር ቤት በሚሄድ ሰው እጅ ነበር፤ አውሮፕላኑም ሰውየውም የሉም።

«ድረ ገጽ እሠራለሁ» ያልኩት ያኔ ነው። ጋሽ ሙሄ ያንን የመብላቱን ነገር የተናገሩትም ያኔ ነው። በዚያ አላበቁም።

«ለመሆኑ ኮምፒዩተር የት ተማርሽ?»

«ኮምቦልቻ፣ ሁለተኛ ደረጃ።»

«ኢንተርኔት ነበራችሁ?»

«አልነበረንም።»

እትዬ ዘሃራ በጥለት ማስካቸው ውስጥ ሳቁ፤ ትከሻቸው ነው የነገረባቸው። ረሂማ አልሳቀችም። ከሳሎኑ ጥግ ቆማ ጥፍሯን እያየች «ሃዩ፣ ትችያለሽ?» አለችኝ። እውነቱን ለመናገር አላውቅም ነበር። «እችላለሁ» አልኳት።

ኢንተርኔት አልነበረንም ማለቴ ግን እውነት ነው። የአይሲቲ መምህራችን ረጅም፣ ቀጭን፣ ክረምት ከበጋ አንድ ቡናማ ኮት የሚለብስ ሰው ነበር። ከኮምፒዩተሮቹ የማይሠሩት ይበዛሉ፤ በሚሠራው ላይ አራት ሆነን ተደራርበን ማውዙን በተራ እንይዛለን፣ ተራውን ያራዘመ ክንዱን ይቆነጠጣል። «ድረ ገጽ ለመሥራት ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ለማሳየት ነው» ይለን ነበር። ዎርድ እንከፍታለን። ርዕሱን በትልቁ እንጽፋለን። መስመሩ የማይታይ ሠንጠረዥ አስገብተን፣ ጽሑፉን በአንዱ ሳጥን ፎቶውን በሌላው እናደርጋለን። ሴቭ ስናደርግ «ዶክመንት» የሚለውን ትተን «ዌብ ፔጅ» የሚለውን እንመርጣለን። ያኔ ከፋይሉ አጠገብ በራሱ ጊዜ አንድ ፎልደር ይወለዳል፤ ፎቶዎቹ እሱ ውስጥ ናቸው። «ይህን ፎልደር ከገጹ የለየ ገጹን ገደለ» ይላል መምህራችን ጣቱን ቀስሮ። ሁላችንም የየሰፈራችንን ገጽ ሠራን። የኔ ላይ መናኸሪያው፣ የአባቴ ጎማ መለጠፊያ፣ የአክስቴ ሻይ ቤት ነበሩ። በሰማያዊ የተጻፈ አንድ መስመር ሲነኩት ከመናኸሪያው ወደ ሻይ ቤቱ ይዘላል። ያን ዝላይ ያየሁ ቀን ምሳ አልበላሁም። ማንም አላየልኝም፤ እዚያው ኮምፒዩተር ውስጥ ቀረ። ዛሬ ሳስበው ያ ሰው ውሃ በሌለበት ዋና አስተምሮን ነው የሄደው፤ ወንዝ ስናገኝ ደግሞ አልሰጠምንም።

ላፕቶፔ ከአገር ስወጣ ወንድሜ የሰጠኝ ነው። ማጠፊያው ተሰብሮ በፕላስተር የተያዘ፣ ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ቤት የሚጮህ። የድሮው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም እንደ ተጫነበት ነበር። ቁጭ አልኩና ሠራሁት። ከላይ በትልቁ «ረሂማ እና አንዋር»፣ ከሥሩ ፎቷቸው። ፎቶውን ያነሳኋቸው እኔ ነኝ፣ ሬድ ሮክ ካለው ቀይ ድንጋይ ፊት፣ ረሂማ በሰማያዊ ሻሽ፣ አንዋር በተዋሰው ኮት፤ እጅጌው ስላጠረው እጁን ወደ ኋላ እንዲያደርግ አዘዝኩት፤ ሚኒስትር መሰለ። ከዚያ የጥሪው ቃል፣ እትዬ ዘሃራ ካስቀመጡት አሮጌ ካርድ የገለበጥኩት። ዳርና ዳሩን አረንጓዴና ወርቃማ መስመር አሰመርኩበት። የጀርባውን ቀለም ስመርጥ ግማሽ ቀን ሄደ፤ ዎርድ ውስጥ ያለው ቀለም እንደ ሻሽ ሱቅ ነው፣ አንዱን ስታነሺ ሌላው ይጠራሻል። በነፃ ቦታ የሚሰጥ አንድ ነገር ኢንተርኔት ላይ አገኘሁና ፋይሉን ሰቀልኩ። ፎልደሩንም ሰቀልኩ፣ መምህሬን መረቅሁ። ሊንኩን በላፕቶፔ ስከፍተው ቁልጭ ብሎ መጣ። ረሂማ አንገቴን አንቃ ሳመችኝ። እኔም ሳላድር ሳልውል ለደሴ ዘመድ ሁሉ ሊንኩን በስልክ ላክሁ።

በማግስቱ ጠዋት ሙገሳዬን ልሰማ ጋሽ ሙሄ ቤት ሄድኩ። ስልኩ ጮኸ። ስፒከር ላይ አደረጉት።

«ሙሄ» አሉ አባባ ይመር።

«አቤት ጋሼ።»

«ልጄን ለማን ነው የምትድራት?»

«ለአንዋር ነዋ ጋሼ፣ እርስዎም…»

«አንዋር የምን አገር ሰው ነው?»

«ያገራችን ልጅ ነው እንጂ ጋሼ፣ ምነው?»

«የላካችሁት ጽሑፍ የማን ቋንቋ ነው ታዲያ? የሰፈሩን መምህር ጠርቼ አሳየሁት፣ እንግሊዝኛ አይደለም አለኝ። አረብኛም አይደለም፣ አረብኛ እኔም አነባለሁ። ግማሹ ፊደል ባርኔጣ አድርጓል። የፎቶው ልጅ ሐበሻ ይመስላል፤ ጽሑፉ ግን ምን እንደሆነ እንጃ። እድርተኛው ‹ሙሄ ልጁን ለፈረንጅ ሰጠ› እያለ ነው።»

ጋሽ ሙሄ ቀስ ብለው ወደኔ ዞሩ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ይኸውልሽ» አሉ። እሱን ብቻ።

«አባባ» አልኩ ወደ ስልኩ ተጠግቼ፣ «የሚታየውን ነገር ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ።» ፎቶው ሲመጣ ገና ሳየው አወቅሁት። ኮምቦልቻ መናኸሪያ ፊት ለፊት የነበሩት የኮምፒዩተር ጽሕፈት ቤቶች ትዝ አሉኝ። ማመልከቻ፣ የእድር ደንብ፣ የምርቃት ግጥም በፍላሽ ይዘን እንሄድና ባለሱቁ ሲከፍተው ልክ እንዲህ ያለ ነገር ይዘረገፍ ነበር፤ ፈረንጅኛ የሚመስል፣ ፈረንጅም የማያነበው። «ፎንቱን ይዘሽ ነይ» ይለናል ቀና ሳይል። ያ የድሮ ፕሮግራም የሚጽፈው በፈረንጅ ፊደል ላይ የአማርኛ ልብስ አልብሶ ነው። ልብሱ ያለበት ኮምፒዩተር ላይ አማርኛ ነው፤ ልብሱ የሌለበት ሲደርስ ራቁቱን ይቆማል። የኔ ላፕቶፕ ልብሱ አለው፣ ስለዚህ ለኔ ቁልጭ አለልኝ። ደሴ የገባው ራቁቱን ነው። ይህን ስህተት የሚሠራ እንደኛ የራሱ ፊደል ያለው ሰው ነው፤ ፈረንጅ ፊደሉን ይዞ ሲሄድ ልብሱን ለብቻ አይሸከምም።

«ተበላሸ?» አለች ረሂማ።

«አልተበላሸም። ልብስ ነው የጎደለው።»

«የምን ልብስ?»

«ተይኝ፣ ልሥራበት።»

ሙሉውን ከፊደል እስከ ነጥብ በስልኬ እንደገና ጻፍኩት። ስልክ የሚጽፈው አማርኛ የትም ቢሄድ አማርኛ ነው። ለራሴ በኢሜይል ልኬ ዎርድ ላይ ለጠፍኩት፤ ከኮምፒዩተሩ ጋር አብሮ የመጣውን የአማርኛ ፎንት መረጥኩለት። ከዚያ ሴቭ የሚደረግበት ሳጥን ውስጥ ገብቼ እስከዚያ ቀን ነክቼው የማላውቀውን «ኢንኮዲንግ» የሚባል ነገር ፈልጌ አገኘሁና «ዩኒኮድ» አልኩት። በዚህ ጊዜ ሳልቸኩል በየሰው ስልክ ቼክ አደረግሁ። በረሂማ፣ በአንዋር፣ መስታወቱ በተሰነጠቀው በእትዬ ዘሃራ ስልክ። ፊሊፒናዊቷንም በር አንኳኩቼ ስልኳን ተቀበልኳት። ረጅም ጊዜ አየችውና «ያምራል፣ ምንድን ነው?» አለችኝ። «ሰርግ ነው» አልኳት። «ያንቺ?» አለች። «እጄ ያለበት» አልኳት።

ደሴም ተነበበ። የአጎት ልጅ ደወለ፣ የአክስት ባል ደወለ፣ እድርተኛው ሐሜቱን ዋጠ። አባባ ይመር ግን አልደወሉም። አንድ ቀን አለፈ፣ ሌላም አለፈ። አንዋር ፍራሹን ሸጠ፣ ቴሌቪዥኑን ለጎረቤት ሰጠ፣ ባዶ ክፍል ውስጥ ምንጣፍ ላይ መተኛት ጀመረ። መንዙማውንም መክፈት ተወ። ረሂማ ደግሞ ሻንጣዋን ታዘጋጅና መልሳ ትፈታለች፤ እናቷ «ልብሱን አዳከምሽው» ይሏታል። በመጨረሻ ጋሽ ሙሄ አንድ ጠዋት ሱብሂ ሰግደው እንደጨረሱ ራሳቸው ደወሉ። እኔ ላፕቶፔን ይዤ ከረሂማ ጋር አድሬ ስለነበር በስፒከር ሰማሁ።

«ጋሼ፣ አላዩትም እንዴ?»

«አየሁት።»

«አልተነበበም?»

«ደህና አድርጎ ተነበበ። ‹በሰርጉ ላይ ይገኙልን ዘንድ በአክብሮት ጠርተንዎታል› ይላል።»

«አዎ ጋሼ።»

«እኔ ለረሂማ ሰርግ እንግዳ ነኝ?»

ጋሽ ሙሄ በቁማቸው ግድግዳውን ተደገፉ። የገባኝ ቀስ ብሎ ነው። በኛ አገር የቤቱ ታላቅ ጠሪ ነው እንጂ ተጠርቶ የሚመጣ አይደለም። ካርዱ ላይ ስሙ ከሁሉ በላይ ይሆናል፣ ሰው ሁሉ የሚጠራው በሱ አፍ ነው። እኔ እንደ አሜሪካ ሙሽሮቹን ከላይ ሰቅዬ፣ የአሮጌ ካርድ ቃል ገልብጬ፣ ወንድሙን ያሳደገውን ሰው በገዛ ልጁ ደጅ እንደ ጎረቤት አቆምኩት። ጋሽ ሙሄም አላስተዋሉም፣ እትዬ ዘሃራም፤ ሁላችንም ፊደሉ መነበቡን ስናይ የሚነበበውን ረሳነው። ረሂማ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ አንሶላውን በሁለት እጇ ጨበጠች። የምታለቅስ ልጅ አይደለችም፤ አላለቀሰችምም። ግን ያን አንሶላ የጨበጠችበትን አያያዝ ሳይ ስልኩን ከጋሽ ሙሄ እጅ ወሰድኩት። ቀምቼ ማለት ይሻላል።

«አባባ፣ ሃያት ነኝ። የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ስልኩን ወደ አፌ አስጠጋሁት።

«ጥሪው የእርስዎ ነው። እርስዎ ይበሉ፣ እኔ እጽፋለሁ።»

«መቼ?»

«አሁን። ላፕቶፑ ክፍት ነው።» አልተከፈተም ነበር። ረሂማ ሮጣ ከፈተችው።

«የማን ልጅ ነሽ?»

«የኢብራሂም። ኮምቦልቻ፣ ከመናኸሪያው አጠገብ።»

«ጎሚስታው ኢብራሂም?»

«እሱ ነው።»

«ጎማዬን ለጥፎልኛል» አሉ አባባ ይመር። ድምፃቸው ትንሽ ሞቅ አለ። «የሱ ልጥፍ አይለቅም። ጻፊ።»

ጻፍኩ። አንድ ቃል ይላሉ፣ ይቆማሉ፣ እኔ እስክደርስ ይጠብቃሉ፤ በስልክ ሳይሆን ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ለጸሐፊ የሚያስጽፉ ይመስል ነበር። «በአላህ ስም ብለሽ ጀምሪ። ጀመርሽ? እኔ ይመር፣ ደሴ ሸዋ በር የምኖር፣ ልጄን ረሂማን ለአንዋር እድራለሁ። መንገድ ተዘግቷል፤ ቃል ግን አልተዘጋም። የቻላችሁ በአካል፣ ያልቻላችሁ በዱዓ እንድትገኙ ጠርቻችኋለሁ። ወንድሜ ሙሄ በዚያ አገር እኔን ሆኖ ይቆማል።» እዚህ ላይ ጋሽ ሙሄ ወደ በረንዳው ወጥተው በሩን ከኋላቸው ዘጉ።

«ፎቶው የት ይሁን አባባ?»

«ከሥር። መጀመሪያ ቃል፣ ከዚያ መልክ።»

ያንን እስከ ዛሬ አልጣልኩም። ከዚያ ገጽ በኋላ ስንት ሠርቻለሁ። ሰዘርን ሃይላንድስ ሰፈር ላለ ባለ ሊሞዚን ሠርቻለሁ፤ በቤቷ ሕፃናት ለምትጠብቅ ሴት ሠርቻለሁ፤ ለልቅሶም ሠርቻለሁ፣ መምጣት ላልቻለ ዘመድ። ሁሉም ላይ ቃሉ ከላይ ነው፣ መልኩ ከታች። አሁን ያሉት ልጆች በስልካቸው ነካ ነካ አድርገው ፎቶው የሚንሳፈፍ፣ ዘፈን የሚዘፍን ገጽ ያወጣሉ፤ «በዎርድ ነበር የምሠራው» ስላቸው በማንኪያ ጉድጓድ ቆፈርኩ ያልኳቸው ይመስል ያዩኛል። ይዩኝ። ያ ጥሪ ከደሴ ሐይቅ፣ ከሐይቅ ወልዲያ፣ ከዚያ ጅዳና ዱባይ ድረስ ሄዷል። ጅዳ በሰው ቤት የምትሠራ አንዲት የረሂማ አክስት ማድ ቤት ውስጥ ቆማ ለጓደኞቿ ጮክ ብላ አነበበችው አሉ። መስመሩ የተንጋደደ፣ አረንጓዴው ከልክ በላይ አረንጓዴ የሆነ ገጽ ነበር። እኔ ነኝ የሠራሁት። ከዚያ በፊት እጄ የነካው ነገር ሁሉ እንግዳ ተኝቶበት በማግስቱ የሚፈርስ አልጋ ነበር።

ሰርጉ ኢንስፒራዳ በሚባል አዲስ ሰፈር፣ በእትዬ ዘሃራ ወንድም ቤት ጓሮ ሆነ። ቤቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆነ ሁለት እንግዶች የማያውቁት ሰው ጓሮ ገብተው ተመልሰዋል። የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር መንገድ ላይ መኪና ማቆም ስለማይወድ መኪኖቹን ጋራዡ ፊት አንዱን ከአንዱ ጀርባ ደርድረናቸው ነበር። ወንበሮቹ ተራርቀው ተቀምጠዋል፣ እያንዳንዱ ላይ ማስክና ውሃ አለ። ረሂማ ነጭ ለብሳለች፣ አንዋር በዚህ ጊዜ የራሱን ኮት ለብሷል፣ እጅጌው ደርሶለታል። ስልኩን ከፍ ካለ ጠረጴዛ ላይ በሁለት የውሃ ጠርሙስ መሐል አቆምኩት። አባባ ይመር ነጭ ጥምጣም አድርገው፣ በስተኋላቸው ዘመዱ ሁሉ ታጭቆ በቪዲዮ መጡ። ምስላቸው ይቆማል፣ ይሄዳል፤ ድምፃቸው ግን አልተቆረጠም።

«ያቺ ጸሐፊዬ አለች?» አሉ።

«አለሁ አባባ።»

«ወደፊት ነይ፣ ዘመድ ይይሽ።» ወደ ስልኩ ተጠጋሁ። ከኋላቸው ያሉት ሴቶች አንገታቸውን አስግገው አዩኝ። «ጠሪው እኔ ነኝ» አሉ አባባ ይመር፣ «እጄ እሷ ናት።» ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። ደሴም ኢንስፒራዳም እጅ ተዘረጋ። ረጅም ዱዓ አደረጉ፤ በየመሐሉ አሚን እንላለን፣ የደሴው አሚን ከኛው ትንሽ ዘግይቶ ይደርሳል። ሲጨርሱ «ሙሄ፣ እሰር» አሉ። በሸሁ ፊት ኒካሁ ታሰረ። ረሂማ ቀና ብላ በሰዉ መሐል ፈለገችኝ፣ አገኘችኝ።

ሆቴሉ በዚያው ሳምንት ጠርቶኝ ነበር፤ የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ የመጀመሪያው ሺፍቴ ነው። ቦርሳዬን አነሳሁ።

«ቁጭ በይ እንጂ፣ ገና አሁን» አለች ረሂማ።

«ሺፍት አለኝ።»

መኪናዬ ጋራዡ በር ላይ ተጣብቃ፣ ከኋላዋ የጋሽ ሙሄ መኪና ቆሟል። ሰው ልልክባቸው ስዞር ከሸሁ አጠገብ ተነስተው ሲመጡ አየኋቸው። ነጭ ጀለብያቸውን በአንድ እጅ ሰብስበው፣ ቁልፋቸውን በሌላው ይዘው መኪናቸውን ወደ መንገዱ አወጡ። ከዚያ ወርደው መሐል መንገድ ላይ ቆሙና በእጃቸው «ነይ… ነይ… ነይ… በቃ፣ አሁን አዙሪ» አሉኝ። አዞርኩና ሄድኩ።